የታጠፈ ስለትና የዶለዶመ ስለት፦ ስለ ቢላ አያያዝ አጭር ማብራሪያ

በሐይቅ ከተማ ዓሣ የሚያዘጋጅም ሆነ በአምባሰል ለበዓል በግ የሚያርድ ሰው፣ ቢላው አልቆርጥ ሲለው «ዶልዱሟል» ብሎ በድንጋይ ይስለዋል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ስለቱ ያላለቀ፣ ወደ አንድ ጎን የታጠፈ ብቻ ነው። ልዩነቱን አለመለየት ደህናውን ብረት በከንቱ ፍቆ ያስጨርሳል።

ስለት የሚታጠፈው በላዩ የሚያርፈው ኃይል ብረቱ ቅርጹን ጠብቆ ሊሸከመው ከሚችለው ሲበልጥ ነው። ዋና ዋና ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው፦ የብረቱ ልስላሴ፣ የስለቱ ከመጠን በላይ መሳሳት፣ እንደ አጥንትና ሳህን ያለ ጠንካራ ነገር መምታት። ቀጥቃጮች ከሚጠቀሙባቸው ውዳቂ ብረቶች መካከል የግንባታ ፌሮ የካርቦን መጠኑ በአብዛኛው ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ግሎ ቢነከርም ለስለት የሚበቃ ጥንካሬ አያገኝም። 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን የያዘ የመኪና ባሌስትራ ግን ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፤ እንዳይሰበርም በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መልሶ ማሞቅ ያሻል።

ጥፍር ከቢላው ጀርባ ወደ ስለቱ በቀስታ ሲሳብ በአንዱ ጎን ብቻ ከያዘ፣ ስለቱ ታጥፏል። መፍትሔው ሁለቱን ጎኖች እያፈራረቁ በልሙጥ የብረት ዘንግ ላይ ሳይጫኑ መሳብ ነው። ደጋግሞ ታጥፎ የተቃና ስለት ግን ይዝላል፤ ያን ጊዜ በእያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ ገደማ ይዞ በድንጋይ መሳል ተገቢ ይሆናል። በአግባቡ ተስሎና ከአጥንት ተጠብቆም ወዲያው ከታጠፈ፣ ጉድለቱ ከብረቱ ወይም ከአነካከሩ ነውና መፍትሔው የሚገኘው ከወናፉ ዘንድ ነው።