ቡሾን፤ የሊዮን ሸማኔዎች ማዕድ

ስለ ፈረንሳይ ምግብ ሲነሣ ለብዙዎቻችን የሚታየን ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፥ ጥቁር ሱፍ የለበሰ አሳላፊና ለተማሪ ኪስ የማይቀመስ ዋጋ ነው። ነገር ግን በምግቧ እጅግ የታወቀችው የሊዮን ከተማ ዝናዋን ያገኘችው ከባለጸጎች አዳራሽ ብቻ ሳይሆን ከድኻ ሠራተኛ ማድ ቤትም ጭምር ነው። ለዚህም ምስክሮቹ ቡሾን የሚባሉት ጠባብና ሞቅ ያሉ ምግብ ቤቶች ናቸው።

ለመሆኑ ቡሾን ምን ማለት ነው? በዛሬው ፈረንሳይኛ ቃሉ የጠርሙስ ቡሽ ማለት ስለሆነ፥ ስሙ ከወይን ጠጅ ጠርሙስ የመጣ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በጥንቱ አነጋገር ቡሾን ማለት የታሰረ ጭድ ወይም ቅጠል ሲሆን፥ መጠጥ የሚሸጥበት ቤት በደጁ ላይ እየሰቀለ ይታወቅበት ነበር። በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ አይቶ ጠላ ቤቱን ለሚለይ ያገራችን ሰው ይህን መረዳት አያስቸግረውም።

ሊዮን የሮንና የሶን ወንዞች የሚገናኙባት ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት ሀብቷ ሐር ነበር። ካኑ የሚባሉት ሸማኔዎች በክሯ ሩስ ኮረብታ ላይ፥ ረጅሙን የዣካር መሸመኛ ለማስገባት ሲባል ጣራቸው ከፍ ተደርጎ በተሠሩ ቤቶች ውስጥ ይኖሩና ይሠሩ ነበር። ጨርቁ የባለጸጎች ልብስ ሲሆን የሠሪው ዋጋ ግን ትንሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1831 ከነጋዴዎቹ አንዳንዶቹ የተወሰነውን የዋጋ ተመን አንቀበልም ስላሉ ካኑዎች ተነሥተው ከተማይቱን ለጥቂት ቀናት ያዙ፤ በ1834 ደግሞ ሁለተኛው ዐመፅ በጦር ኃይል ተደመሰሰ።

እንግዲህ ጎሕ ሳይቀድ ሥራ የጀመረ ሸማኔ ረፋድ ላይ ሲርበው ምን ይብላ? ማሾን የሚባለው የረፋድ ምግብ የተለመደው ከዚህ የተነሣ ነው። ባለጸጋው ሙዳውን ሥጋ ሲወስድ ለሠራተኛው ጨጓራው፥ አንጀቱና እግሩ ይቀርለታል፤ ይህንም በሚገባ አጥቦ፥ ቀቅሎና አጣፍጦ መብላት ሙያ ሆነ። ዛሬም በቡሾን የሚቀርበው ይኸው ነው። ‹‹የመሐንዲስ ወታደር ሽርጥ›› የሚሉት በነጭ ወይን ጠጅ ተዘፍዝፎ፥ የዳቦ ፍርፋሪ ለብሶ የተጠበሰ ጨጓራ ነው። ‹‹የካኑ አንጎል›› የሚሉት ደግሞ በስሙ ቀልድ ያለበት፥ በነጭ ሽንኩርት፥ በቅጠላ ቅጠል፥ በኮምጣጤና በዘይት የተመታ ለጋ አይብ እንጂ አንጎል አይደለም። ከዚህ ጋራ የቦዦሌ ወይም የሮን ዳርቻ ወይን ጠጅ፥ መቀመጫው ወፍራም በሆነና 46 ሳንቲ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ይቀርባል።

ይህን ሙያ ካስከበሩት መካከል በከተማው ‹‹እናቶች›› እየተባሉ የሚጠሩት ሴቶች ዋነኞቹ ናቸው። አብዛኞቹ በባለጸጎች ቤት ምግብ ያበስሉ የነበሩና በኋላ የራሳቸውን ቤት የከፈቱ ናቸው። በ1895 በገጠር የተወለዱት ኡዤኒ ብራዚዬ በልጅነታቸው እናታቸውን አጥተው፥ በሰው እርሻ እየሠሩ አድገው፥ ሊዮን ውስጥ በቤት ሠራተኛነት ከቆዩ በኋላ በ1921 የራሳቸውን ምግብ ቤት ከፈቱ። ቤታቸው ከቡሾን ከፍ ያለ ቢሆንም መሠረቱ ያው ያገር ቤት ሙያ ነበር። በ1933 ሁለቱ ምግብ ቤቶቻቸው ከሚሽለን መጽሐፍ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ኮከብ አገኙ። ዓለም ያወቃቸው ፖል ቦኩዝም በወጣትነታቸው በእርሳቸው ማድ ቤት ተምረዋል።

ዝና ግን ጣጣ አለው። ቱሪስቱ ሲበዛ፥ ምግቡን በወጉ የማይሠራ ሁሉ ‹‹ቡሾን›› ብሎ በደጁ ይጽፍ ጀመር። ስለዚህ በ1997 ስሙን የሚጠብቅ ማኅበር ቆመ፤ በ2012 ደግሞ የከተማው የንግድ ምክር ቤት ለእውነተኞቹ ምልክት መስጠት ጀመረ። ይህ መልካም ነው፤ ግን ምልክቱ ምግቡን እንጂ በላተኛውን አይመልስም። ሸማኔው በረፋድ ይበላው የነበረው ዛሬ የመንገደኛ እራት ሆኗል።

ቢሆንም አንድ ነገር እንማራለን። የሊዮን ሰው የድኻ ምግቡን በሌላ ስም አልሸፈነውም፤ ጨጓራውን ጨጓራ ብሎ፥ በሸማኔው ስም ጠርቶ ለእንግዳ አቀረበው። ተምረን ስንወጣ እናቶቻችን ያሳደጉንን ምግብ ከእንግዳ ፊት የምንደብቅ ከሆነ፥ ጉድለቱ የምግቡ ነው ወይስ የእኛ?