ጎማ ከተለጠፈ በኋላ

ብስክሌት ከሚነዳው ተማሪ መካከል ጎማ መለጠፍ የማያውቅ ጥቂት ነው፤ የተለጠፈውን እንደሚገባ መንፋት የሚያውቅም እንዲሁ ጥቂት ነው። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት ነው። ከአጋሮ ወደ ጅማ ስመለስ እሾህ ጎማዬን ወጋው። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ማስቲሹ እስኪደርቅ ጠብቄ ደኅና አድርጌ ለጠፍሁት። ዳሩ ግን ሊመሽ ነውና በጥድፊያ ነፍቼ ተነሣሁ፤ ጥቂት ሳልሄድ ፈነዳ። ልጥፉ አልተነካም፤ የፈነዳው በጎማውና በቸርኬው መካከል ተቈንጥጦ የቀረው ሌላው ወገን ነበር። ቍልቍለት ላይ ደርሶብኝ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚያቀርብላችሁ ሌላ ሰው ነበር።

እንግዲህ ሥርዓቱ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ የወጋውን እሾህ ከውጭው ጎማ ሳያወጡ መንፋት ከንቱ ድካም ነው። ውስጡን በጣት ቀስ ብሎ መዳሰስ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ የውስጡን ጎማ ከማስገባት አስቀድሞ ክብ ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ትንሽ አየር መስጠት ነው። ፈጽሞ ባዶ የሆነ ጎማ ይታጠፋል፤ ይቈነጠጣልም።

ሦስተኛ፤ የውጭውን ጎማ ከንፈር በእጅ እንጂ በብረት ወደ ቸርኬው አለማስገባት። ከዚያም ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ መመለስ፤ በሁለቱም ወገን ዙሪያውን ማየት።

አራተኛ፤ እስከ ሢሶው ነፍቶ ማቆም። በጎማው ጐን ላይ ቸርኬውን ተከትሎ የሚዞር ቀጭን መስመር አለ። መንኰራኵሩ ሲሽከረከር መስመሩ አንድ ቦታ ከሰመጠ ወይም ካበጠ፣ አስተንፍሶ ማስተካከል ነው። ከተስተካከለ በኋላ መሙላት ይቻላል።

ምን ያህል ይሞላ? መልሱ ጎማው ጐን ላይ ተጽፏል። ለምሳሌ ከ40 እስከ 65 ፒ.ኤስ.አይ. የሚል ከሆነ፣ ብቻውን የሚሄድ ሰው ወደ ታችኛው፣ ቡና በጆንያ የሚጭን ወደ ላይኛው ይጠጋል፤ የኋላው ጎማ ከፊተኛው ይልቅ ይሸከማልና። ከልክ በታች የተነፋ ድንጋይ ሲመታው በቸርኬው ተጨፍልቆ ጐን ለጐን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል።

ስንት ጊዜ እንደ ገፉ መቍጠር ግን አያስተማምንም። ጅማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው፤ በጅቡቲ 100 ጊዜ ተገፍቶ የሚሞላ ጎማ እዚህ 120 ጊዜ ያህል ይፈልጋል። የመኪና ጎሚስታ ዘንድ የሚነፋም ይጠንቀቅ፤ ለመኪና የተሠራው መንፊያ ቀጭኑን ጎማ በቅጽበት ያፈነዳዋል። ጥቂት በጥቂት እየሰጡ መለካት ይበጃል።

የቸኰለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔም በዚያ ማታ ብስክሌቴን እየገፋሁ ጅማ ገባሁ፤ በማግስቱም ፈተና ነበረብኝ።