ኬብሉን ነቅላችሁ እዩት፤ የቢትኮይን ማውጫ ሰርቨር የሚዘገየው በኢንተርኔት አይደለም

«ቤቴ የተከልኩት የቢትኮይን ሰርቨር ማውጫውን ሠርቶ ለቀናት አልጨርስ አለኝ» ለሚል ሰው የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ኢንተርኔትህን አሳድግ። ምክሩ የተሳሳተ ነው፤ ሰውንም ከንቱ ወጪ ያስወጣል። ኤሌክትረስ የተባለው ሰርቨር የአድራሻ ማውጫ መሥራት የሚጀምረው ቢትኮይን ኮር የተባለው ፕሮግራም ከ2009 ወዲህ ያሉትን ብሎኮች አውርዶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ የሚነበበው እዚያው ማሽን ላይ ያለው ቅጂ ስለሆነ፣ የኔትወርኩ ኬብል ቢነቀል እንኳ ሥራው ይቀጥላል።

ጣጣው ያለው ዲስኩ ላይ ነው። ብሎኮች የተደረደሩት በጊዜ ቅደም ተከተል ነው፤ ዋሌት ግን የሚጠይቀው «በዚህ አድራሻ ምን ገባ፣ ምን ወጣ?» ብሎ ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ እያንዳንዱን አድራሻ በሻ-256 ወደ ሃሽ ለውጦ በሃሹ ተራ ይመዘግበዋል። ሃሽ ዝምድና አያውቅም፤ በአንድ ብሎክ ውስጥ የተከታተሉ ሁለት አድራሻዎች ማውጫው ውስጥ ዳርና ዳር ይወድቃሉ።

በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሴኮንድ ይፈጅበታል። ጭንቅላቱ ወዲያ ወዲህ የሚልበት ጊዜ ሲታከል፣ በሴኮንድ ሊደርስባቸው የሚችላቸው የተበታተኑ ቦታዎች ቢበዙ 100 ገደማ ናቸው። የቢትኮይን ግብይቶች ደግሞ ከ1 ቢሊዮን አልፈዋል። ለእያንዳንዱ አንድ ጉዞ ብቻ ቢበቃ እንኳ 10 ሚሊዮን ሴኮንድ ይወስዳል፤ ወደ 115 ቀን መሆኑ ነው።

ኤሌክትረስ የሚጠቀምበት ሮክስዲቢ የተባለው ዳታቤዝ ከዚህ የሚያመልጠው እንደ ጎበዝ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ወደ ሳጥኑ አይሮጥም። መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ፣ ማለትም ራም ውስጥ፣ በሳጥን ቁጥር ይደረድራል፤ ሲሞላ ክምሩን በአንድ ጊዜ ወደ ዲስክ ያወርዳል። ክምሮቹ ሲበዙ ግን ፍለጋው ይከብዳል፤ ስለዚህ መልሶ ማዋሐድ ግድ ነው። ኮምፓክሽን የሚባለው ይህ ሥራ ያንኑ ዳታ ደግሞ ያነብባል፣ ደግሞ ይጽፋል። ኤሌክትረስ ዋናውን ማዋሐድ ለመጨረሻ ያቆየዋል። ሎጉ ዝም ሲል ብዙዎች «ተሰቀለ» ብለው የሚያጠፉት ልክ እዚህ ላይ ነው። እባካችሁ አታጥፉት!

ማዋሐዱን ማቆየት ሁልጊዜ ይጠቅማል ብዬ ግን አልከራከርም። ኤስኤስዲ ላይ ትርፉ ያንሳል፤ ዲስኩ ሊሞላ የተቃረበ ከሆነም ጊዜያዊ ፋይሎቹ ማረፊያ ያጣሉ።

ሎጉ ላይ የሚታየው የብሎክ ቁጥርም አያታልላችሁ። በ2009 የተሠሩት አብዛኞቹ ብሎኮች ከማዕድን አውጪው ክፍያ በቀር ምንም የለባቸውም፤ ስለዚህ ሥራው መጀመሪያ ላይ ይበርራል፣ በኋላ ይንፏቀቃል።

ሊኑክስ ላይ ቶፕን ክፈቱ። «ደብሊው ኤ» የሚለው ቁጥር ከፍ ካለ ፕሮሰሰሩ ዲስክ እየጠበቀ ነው። ኤስኤስዲ ግዙ፤ ራስቤሪ ፓይ 4 ላይ ከሆነ ሰማያዊው የዩኤስቢ 3 ሶኬት ላይ ሰኩት። ለማውረጃው ብላችሁ የቢትኮይን ኮርን «ዲቢካሽ»፣ ማለትም የሚይዘውን የራም መጠን፣ ከመነሻው በላይ ከፍ አድርጋችሁ ከነበረም፣ ማውጫው ከመጀመሩ በፊት ወደ ቦታው መልሱት፤ ያለዚያ ራሙ ያልቅና ማሽኑ ያንኑ ዘገምተኛ ዲስክ እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል።