ብዥ ያለው ምስል

በመኖሪያ ግቢያችን አንድ ብስክሌት የጠፋ ጊዜ ኮሚቴው ተሰብስቦ የካሜራውን ቅጂ አየ። የበሩ ካሜራ አዲስ ነው፤ የደረጃው ግን አሮጌ፣ ሌንሱም አቧራ የጠጣ። «አጉላው! አጉላው!» ይላል ሁሉም። ሲጎላ ብዥታው አብሮ ጎላ እንጂ ሰውየው አልጠራም። ካሜራው ያልያዘውን ማጉላት አያመጣውም።

በመጨረሻ ዘበኛውን ጠራናቸው። ገና እንዳዩት «ይኼማ ቧንቧ ሊጠግን የሚመጣው ልጅ ነው» አሉ። ትክክል ነበሩ፤ ልጁም ብስክሌቱን ለማስጠገን የወሰደው ባለቤቱ ልኮት ነበር። «በምን ለዩት ጋሼ?» ብላቸው «በአረማመዱ ነዋ!» አሉኝ።

አብዛኛው ሰው እንደ እሳቸው ያስባል። ብሪታንያዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማይክ በርተንና ባልደረቦቹ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። በደካማ የጥበቃ ካሜራ የተቀረጹ መምህራንን ለተመልካቾች አሳዩ። መምህራኑን የሚያውቁ ተማሪዎች በቀላሉ ለዩአቸው። የማያውቋቸው ተሳሳቱ፤ ልምድ ያላቸው ፖሊሶች እንኳ ከእነዚህ አልተሻሉም። ቀጥሎ አረማመዱን፣ አካሉን፣ ፊቱን በየተራ ደበቁ። አረማመዱና አካሉ ሲደበቁ የሚያውቋቸው ሰዎች ብዙም አልተቸገሩም። ፊቱ ሲሸፈን ግን መለየቱ ክፉኛ ወረደ። የምናውቀው ሰው ፊት በብዥታ ውስጥም ይነግረናል፤ እኛ ግን ምስጋናውን ለአረማመዱ እንሰጣለን። ይህን ለጋሼ ብነግራቸውም አላመኑኝም።

ማሽን ደግሞ ሰውን ከአንዱ ካሜራ ወደ ሌላው ሲከታተል ፊቱ ጥቂት ነጥብ ብቻ ስለሚሆንበት በልብስና በቁመና ይመካል። በቤጂንግ ቺንዋ ዩኒቨርሲቲ፣ ከአንድ ሱፐርማርኬት ፊት ለፊት በ6 ካሜራዎች የተሰበሰበው «ማርኬት-1501» የተባለው የምስል ስብስብ ለዚሁ ማሠልጠኛ ነው፤ አንዱ ካሜራ ጥራቱ ዝቅ ያለ ነው። ልብሱን የቀየረ ሰው እንዲህ ያለውን ማሽን ያሳስታል። ብዥታን «የሚያጠራ» ፕሮግራምም የጎደለውን በግምት ይሞላል፤ ግምት ደግሞ ማስረጃ አይደለም። አሜሪካዊው ሮበርት ዊልያምስ በጥር 2020 እ.ኤ.አ. በዲትሮይት ፖሊስ የታሰረው ፊት የሚለይ ማሽን የሱቅ ካሜራን ብዥ ያለ ምስል ከመንጃ ፈቃድ ፎቶው ጋር በስህተት ስላገናኘው ነው።

እባካችሁ፣ ካሜራችሁን ጣሪያ ሥር ሰቅላችሁ አናት ብቻ አትቅረጹ፤ ፊት በሚታይበት ከፍታ አድርጉት፣ ሌንሱንም ጥረጉ። ነገር ሲደርስም በግቢው የሚያልፍ የሚያገድመውን የሚያውቅ ሰው ጠርታችሁ ምስሉን አሳዩት። ማንን እንደጠረጠራችሁ ግን አስቀድማችሁ አትንገሩት።