የሞጣ አውሮፕላን ሜዳና የቢቸና ጤፍ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አድርጎ ብዙ ሳይቆይ፥ ከጦርነቱ የተረፉት ዳኮታ አውሮፕላኖቹ መንገደኛውን በግራና በቀኝ ግድግዳ በተዘረጋው አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት አስቀምጠው፥ ጭነቱንም በመካከል አስረው፥ መኪና እንደ ልብ ወደማይገባባቸው አውራጃዎች ይወርዱ ጀመር። የምሥራቅ ጎጃሟ ሞጣም በጊዜዋ ከዚህ ጸጋ ተካፍላለች፤ በዓለም አቀፉ የአየር ማረፊያዎች መዝገብ ላይ የተጻፈው ኦቲኤ የሚለው መለያዋ ምስክር ነው።

ይሁን እንጂ ምጣኔ ሀብትን የሚመረምር ሰው፥ አውሮፕላኑ ምን ይዞ መጣ ከማለት አልፎ፥ ምን ይዞ ተመለሰ ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። የምሥራቅ ጎጃም በረከት ጤፍ ነው፤ ጤፍ ደግሞ ከክብደቱ ጋር ሲተያይ ዋጋው የአየር ኪራይ አይችልም። ዳኮታ ከባሕር ጠረፍ ሲነሣ እንኳ የሚሸከመው 27 ኩንታል ያህል ነው፤ 2,400 ሜትር በሚያህል ደጋ ላይ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ የክንፉም የሞተሩም ኀይል ይቀንሳል፥ ስለዚህም ወይ ሜዳው መርዘም ወይ ጭነቱ መቅለል አለበት። ዛሬ አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና ከዚያ የሚበልጥ ጤፍ ከቢቸና ጭኖ፥ ደጀንን አልፎ፥ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ያራግፋል።

እንግዲህ በእንዲህ ያለው ሜዳ የሚወርደው ሹሙ፥ ደብዳቤውና መድኃኒቱ ነው እንጂ፥ የገበሬው ጎተራ በአውሮፕላን ወደ ገበያ አይወጣም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ታውጆ ቢቸናና ሞጣ አንገብርም ብለው በተነሡ ጊዜማ፥ በላያቸው የመጣው የጦር አውሮፕላን ቦምብ ጣለባቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ኋላ ውዝፉን ቢምሩም፥ መንግሥት በሰማይ ለመድረስ ያሳየውን ትጋት ያን ያህል ዘመን ለዋልካው መንገድ አለማሳየቱ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ሰፊ የአየር ጣቢያ ለሚሻ መንገደኛ ደግሞ ባሕር ዳር አለ፤ በቢቸና አገር የጣሊያንን ወራሪ ያርበደበደው የደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም የተሰጠው ለባሕር ዳር አየር ማረፊያ ነው፤ ከሞጣ እስከዚያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ከ70 በላይ መቀመጫ ያለው ኪው 400 አውሮፕላን ወደ ሞጣ ግማሹ ባዶ ሆኖ ቢመላለስ፥ የነዳጁ፥ የአብራሪውና የጥገናው ወጪ በተሳፈሩት ጥቂቶች ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ ለሞጣ ሌላ ሰፊ ጣቢያ ይሠራ የሚለውን ሐሳብ አልደግፍም።

የምደግፈው ትንሿን ሜዳ ነው፤ ምጥ የጠናባትን እናት የምታነሣ፥ ደምና ክትባት የምታወርድ ቀላል አውሮፕላን የምታርፍበትን። ሣሩን የሚያጭደው፥ ከብቱን የሚመልሰው ዘበኛ ደመወዙን ከጤና በጀት ያግኝ፤ የሜዳዋም ወጪ በአየር መንገዱ የትርፍና ኪሳራ መዝገብ አይመዘን።