ቢስክሌትና በቅሎ በአገው ምድር

አንባቢ ሆይ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ስትጓዝ፣ እንጅባራ ልትገባ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀርህ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ በዛፍ የተከበበ ክብ ሐይቅ አለ። ዘንገና ይባላል። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጕድጓድ ነው፤ ጥልቀቱም 166 ሜትር ያህል ነው። አውቶቡስ ሳይቆም ያልፈዋል። በቢስክሌት የመጣ ሰው ግን እዚህ ሲደርስ መውረዱ አይቀርም፤ ለውኃው ውበት ብቻ ሳይሆን ትንፋሽ ስለሚያጥረው ነው። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለ በመሆኑ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በቈላው ጠረፍ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው።

ቀድሞ በዚህ አገር ሩቅ መንገድ የምትወስደው በቅሎ ነበረች። በአውሮጳ አቈጣጠር ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን፣ የጣናን ዙሪያና የዓባይን ሸለቆ ያጠናው በበቅሎና በእግር ነው። እኔን ይበልጥ የምታስገርመኝ ግን የአየርላንዷ ዴርቭላ መርፊ ናት። በ1963 ከአገሯ ተነሥታ እስከ ሕንድ በቢስክሌት የዘለቀች ሴት፣ በ1966 መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ ቢስክሌቷን ትታ ጓዟን በበቅሎ አስጭና በእግሯ ተጓዘች። ፈሪ አለመሆኗን የሕንዱ መንገድ ይመሰክርላታል። በኋላም፣ በ2003፣ ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን ወደ 12 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው «ቱር ዳፍሪክ» ተጀመረና ቢስክሌተኞች ደጋውን አቋርጠው የዓባይን በረሃ ወርደው ወጡ።

እንግዲህ ቢስክሌት በዚህ አገር ይሄዳል ወይስ አይሄድም? በበጋ ይሄዳል። በክረምት ግን ቀዩ አፈር ጭቃ ሆኖ ጎማውን ይይዛል፤ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይጠቀጠቅና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንተ ቢስክሌቱን ትሸከማለህ እንጂ እሱ አንተን አይሸከምም። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ምረጥ። ጎማው ሰፊ፣ ንፋሱም ከአስፋልቱ ጊዜ ትንሽ የቀነሰ ይሁን፤ መንፊያና መለጠፊያ መያዝ አትርሳ፤ በገጠር ጎማ ሠሪ ፍለጋ መንከራተት ቀን ይበላል።

ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ ብትወርድ ወደ 1 ሺህ ሜትር ገደማ ትወርዳለህ። ልብ ያማልላል። ፍሬኑን አንድ ጊዜ ጨብጠህ እስከ ታች አትያዘው፤ ይግላል። ያዝ ለቀቅ አድርገው። መመለሻው ዳገት መሆኑንም እየወረድክ ሳለህ አስበው!

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የአገሩን ሰላም ጠይቅ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭት ከተስፋፋ ወዲህ፣ የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰዎች ሳያጣሩ የሚነሡበት ጉዞ አይደለም። የከለከሉህ እንደ ሆነ እሺ በልና ተመለስ።

የአገው ምድር የፈረስ አገር ነው። ፈረስ ደግሞ ኮቴ ሳይኖረው ከኋላ የሚመጣውን ነገር አይወድም። ስለዚህ ደወልህን ከሩቅ አሰማ፤ ፈረሱ ከደነበረ ወርደህ ከመንገድ ዳር ቁም፤ ባለፈረሱን ሰላም በል፤ «እለፍ» ሲልህ እለፍ። ጥር 23 ቀን ፈረሰኞቹ በዓላቸውን ሲያከብሩ እንጅባራ ከተገኘህ ግን፣ ቢስክሌቱን ከአንድ ሰው ቤት አደራ አስቀምጠህ በእግርህ ሂድ።