የባለጥማድና የባለ አንድ በሬ ገበሬ ብቃት በምን ይለካ?

በምዕራብ ጎጃም፥ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው አገር፥ ጥማድ በሬ ያለው ገበሬ አለ፤ አንድ በሬ ብቻ ኖሮት ከባልንጀራው ጋር በመቀናጆ፥ ተራ እየጠበቀ የሚያርስም አለ። ከሁለቱ ወገኖች በሥራው የሚበልጠው የትኛው ነው ተብሎ ሲጠየቅ፥ መልሱ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከአንድ ጥማድ መሬት ከተገኘው ኩንታል ነው። ይህ መለኪያ ብቻውን ፍርድ እንደሚያዛባ ከዚህ በታች ለማስረዳት እንሞክራለን።

ለምሳሌ ያህል ሁለት የበቆሎ ገበሬዎችን እናስብ። ጥማድ መሬት ማለት ሁለት በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ነው። ባለጥማዱ 4 ጥማድ መሬት አራት ጊዜ አርሶ፥ ማለት 16 ቀን በሬ ጠምዶ፥ በ4 ኩንታል ማዳበሪያ 40 ኩንታል አገኘ። ባለ አንድ በሬው 2 ጥማድ መሬት ሦስት ጊዜ አርሶ፥ ማለት 6 ቀን ጠምዶ፥ በ1 ኩንታል ማዳበሪያ 16 ኩንታል አገኘ።

በጥማድ መሬት ስንለካ 10 ለ8 ነው፤ ባለጥማዱ ይበልጣል። በአንድ ኩንታል ማዳበሪያ ስንለካ 10 ለ16፥ በአንድ የእርሻ ቀን ስንለካ 2.5 ለ2.67 ይሆናል፤ ባለ አንድ በሬው ይበልጣል።

ታዲያ ብዙ መለኪያ ወደ አንድ ፍርድ የሚመጣው እንዴት ነው? እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ፋረል እ.ኤ.አ. በ1957 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ መንገዱን አሳይቷል። ዘዴው እያንዳንዱን አምራች ከአማካዩ ጋር ሳይሆን፥ በተመሳሳይ ወጪ ከሁሉ የተሻለ ካመረተው ጋር ማነጻጸር ነው። አንድ ሦስተኛ ገበሬ ልክ እንደ ባለ አንድ በሬው መሬት፥ ቀንና ማዳበሪያ አውሎ 12 ኩንታል ቢያገኝ፥ ብቃቱ 12 ለ16፥ ማለት 75 በመቶ ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ግን እያንዳንዳቸው በአንድ በኩል ስለሚቀድሙ፥ ከሦስቱ መካከል ሁለቱም 100 በመቶ ያገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. ቻርነስ፥ ኩፐርና ሮድስ ይህንኑ ሐሳብ ብዙ ዓይነት ምርት ላለበት ሥራም በስሌት አመቻችተውታል።

ወገን ከወገን ለማነጻጸር የእያንዳንዱ ገበሬ ብቃት ከተሰላ በኋላ የየወገኑ አማካይ ይወሰዳል። ነገር ግን የአፈሩ ዓይነትና የተዘራበት ጊዜ አብሮ መመዝገብ አለበት። የመቀናጆ ተራ ሲጠብቅ ዝናቡ ያለፈበት ሰው ምርቱ ቢያንስ፥ ጉድለቱ የትጋት አይደለም።

የልኩ ጥቅምም በዚህ ይታወቃል። በወጪው ልክ ላላመረተው የሚያስፈልገው የእርሻ ምክር ነው፤ ያለችውን በሚገባ እየተጠቀመ ምርቱ ላነሰበት ግን የሚያስፈልገው ሁለተኛ በሬ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ መርዳት፥ በሬ ላጣ ሰው ምክር መስጠት ይሆናል።